ለእናቴ ብለን የጀመርነው እድሳት እናቴን ከቤት ሊያስወጣት ነው

ጥያቄ

አሰላሙ አለይኩም፣ የዓምዱ አዘጋጅ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከጅማ፣ ከቆጪ ነው። ዕድሜዬ 34 ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምንኖረው በአባቴ ቤት ከእናቴ ጋር ነው። አባቴ ወደ አኼራ ከሄደ ስድስት ዓመቱ ነው።

ቤቱ በ1978 ዓ.ም. የተሠራ የጭቃ ቤት ነው። ፊት ለፊት፣ በምሥራቅ በኩል በረንዳ አለው። ከበረንዳው ወደ ሳሎን ይገባል። ከሳሎኑ ጎን የእናቴ መኝታ ቤት አለ፤ የስምንት ዓመቷ ልጄም እዚያው ከእሷ ጋር ነው የምትተኛው። ከሳሎኑ በስተኋላ ኮሪደር አለ። በኮሪደሩ በአንዱ ወገን የእኔና የባለቤቴ ክፍል፣ በሌላው ወገን ዕቃ ቤት ነው። ዕቃ ቤቱ ከሳሎኑም ከኮሪደሩም ጋር ይዋሰናል። በጓሮ በር ሲወጡ ሦስት ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ሁለት ክፍል ሰርቪስ አለ። ማዕድ ቤቱና ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ናቸው።

እናቴ ጉልበቷን ያማታል። አምና ክረምት ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ስትሄድ ጭቃው አዳልጧት ወደቀች። ደግነቱ አልተሰበረችም። ሪያድ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ይህን ሲሰማ አለቀሰ። ወዲያው ገንዘብ ልኮ «ሽንት ቤቱ ቤት ውስጥ ይግባ» አለ። እድሳቱ እንዲህ ተጀመረ።

ግን ሥራው ሲጀመር ሐሳቡ እየሰፋ ሄደ። ወንድሜ በቴሌግራም ፎቶ መላክ ጀመረ። አሁን የሚፈልገው ኦፕን ኪችን ነው። በሳሎኑና በእናቴ መኝታ ቤት መካከል ያለው ግድግዳ ይፈርስና ክፍሏ ማዕድ ቤት ይሆናል። በረንዳው ተዘግቶ ወደ ሳሎኑ ይገባል። እናቴ ደግሞ ሰርቪሱ በሴራሚክ አምሮ ይታደስላትና እዚያ ትሆናለች። እናቴን ስንጠይቃት «እናንተን ከተመቻችሁ እኔን ምን አለኝ» ብላ ዝም አለች። ባለቤቴ ደግሞ ቤቱ የእሷ፣ ገንዘቡ የወንድምሽ፣ እኔ ምን አገባኝ በሚል ስሜት ዝም ብሏል። እኔም ምስጋና ቢስ እንዳልባል ዝም ብያለሁ።

ይኸው በዚህ መሃል ግንበኛው የዕቃ ቤቱን ሦስት ግድግዳ አፍርሶ፣ ጣሪያውን በእንጨት ደግፎ፣ በብሎኬት አምስት ረድፍ አድርሶታል። አራተኛው፣ በኮሪደሩ በኩል ያለው፣ የድሮው የጭቃ ግድግዳ ነው። ሳይ የመታጠቢያ ቤቱ በር ለካ ወደ ሳሎን ነው የሚከፈተው። ሶፋው ላይ የተቀመጠ እንግዳ ፊት ለፊት የሚያየው ሽንት ቤቱን ነው። ግንበኛው «ዕቃ ቤቱም በሩ በዚህ በኩል ነበር፣ አሁን አይቀየርም» አለኝ። ይህን እንደጨረሰ ወደ መኝታ ቤቱ ግድግዳ እንደሚገባ ነግሮናል። ከገንዘቡ ግማሹ አልቋል። ዝናቡም እየቀረበ ነው። እኔ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ

ወአለይኩሙ ሰላም እህቴ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ስለ በርና ስለ ግድግዳ የተጻፈ መሰለኝ። በሁለተኛው ግን ዓይኔ «ዝም» የምትለው ቃል ላይ ቆመ። እናትሽ ዝም አለች። ባለቤትሽ ዝም አለ። አንቺም ዝም አልሽ። ስለዚህ ቤት የሚናገሩት ግንበኛውና ወንድምሽ ብቻ ሆነዋል። ሁለቱም ደግሞ እዚያ ቤት አያድሩም።

ይህን የምለው ወንድምሽን ለመውቀስ አይደለም። የእናቱን መውደቅ ሰምቶ ያለቀሰ ልጅ ነው። ከእሱ በላይ የእናትሽን ምቾት የሚፈልግ ያለ አይመስለኝም። ችግሩ ሌላ ነው። እድሳቱ የተጀመረው እናትሽ ሌሊት በጭቃ ላይ እንዳትሄድ ነበር። አሁን ባለው ፕላን ግን ሽንት ቤቱ ቤት ውስጥ ይገባል፣ እናትሽ ግን ወደ ጓሮ ትወጣለች። ሰርቪስ ውስጥ አድራ ሌሊት ሽንት ቤት ስትፈልግ ያንኑ ሦስት ሜትር ጭቃ ነው የምታቋርጠው፤ ልዩነቱ አቅጣጫው ብቻ ነው። የስምንት ዓመቷ ልጅሽስ የት ልትተኛ ነው? ይህን ቁጭ ብሎ ያሰበበት ሰው ያለ አይመስለኝም። ፎቶው ሲያምር እንዲህ ያለው ነገር ይረሳል። በብዙ ቤት አይቼዋለሁ።

እንቅልፍ ያሳጣሽ ይህ ይመስለኛል። ቃል አላወጣሽለትም እንጂ ነገሩ እንደተገላበጠ ልብሽ አውቆታል። ስለዚህ ምስጋና ቢስ አይደለሽም። ወንድምሽ መጀመሪያ ያሰበውን ነገር የምትጠብቂለት አንቺ ነሽ።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። በመጀመሪያ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ። የእናትሽ ክፍል ግድግዳ ለጊዜው አይነካ። ይህን የምለው ስለ እናትሽ ብቻ አይደለም። የጭቃ ቤት ግድግዳ ዝም ብሎ መጋረጃ አይደለም። ውስጡ ያሉት ቋሚ እንጨቶች ጣሪያውን ሊሸከሙ ይችላሉ። ግንበኛው በዕቃ ቤቱ ጣሪያውን ደግፎ፣ በፈረሰው ፋንታ ብሎኬት እያቆመ ነው፤ የሚሸከም ነገር ይተካል ማለት ነው። በሳሎኑ በኩል ግን በፈረሰው ፋንታ የሚቆም ነገር የለም፤ ባዶ ሊሆን ነው። ባዶ እንዲሆን ከተፈለገ ከዳርና ከዳር የራሳቸው መሠረት ያላቸው ኮለኖች፣ ከላይ ደግሞ ጭነቱን የሚቀበል ቢም ያስፈልጋል። ይህ ለብቻው አንድ ትልቅ ወጪ ነው። ደግሞም የዚህን መልስ ከግንበኛው አትጠብቂ። የጣሪያ እንጨት የሚያውቅ አናጢ ይምጣና ኮርኒሱን በአንድ በኩል ከፍቶ፣ በባትሪ እያበራ፣ እንጨቶቹ በየት በየት ግድግዳ ላይ እንዳረፉ ይይ። የኮንስትራክሽን ባለሙያ የሆነ ዘመድ ወይም ጎረቤት ካላችሁ እሱም ቢያየው ጥሩ ነው። ግድግዳ አፍርሶ የቤቱን አሸካከም መለወጥ ከማዘጋጃ ቤት ፈቃድ የሚጠየቅበት ሥራ ስለሆነ እዚያም ጎራ ብላችሁ ጠይቁ።

አናጢው ከመጣ አይቀር አንድ ሥራ ጨምሪለት። በቤቱ ዙሪያ የቋሚዎቹን እግር ይፈትሽ። ከመሬት ወደ ላይ አንድ ስንዝር ያህል ጭቃውን ጫር ጫር አድርጎ በካቻቢቴ ይውጋው። ጠንክሮ ከመለሰው እሰየው። እንደ ዳቦ ከገባለት ግን እንጨቱን እርጥበት ወይም ምስጥ በልቶታል። ቤታችሁ 40 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ጅማ ደግሞ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት። እግሩ የበሰበሰ ቤት ላይ ሴራሚክ መለጠፍ ገንዘብ መበተን ነው። የቀረችው ግማሽ ገንዘብ መጀመሪያ መዋል ያለባት እዚህ ላይ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳታውቁ ስለ ውበት ማውራት አትጀምሩ።

አሁን ወደ መታጠቢያ ቤቱ በር ልምጣ፤ እዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር ልነግርሽ ነው። ግንበኛው «አይቀየርም» ያለሽን አልቀበለውም። የቆመው አምስት ረድፍ ብሎኬት ነው፤ አንድ ሜትር ማለት ነው። መቃኑ ገና አልገባም። ቧንቧው ገና አልተቀበረም። በር ለማዛወር ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም። ከዚህ በኋላ በየሳምንቱ ዋጋው እየጨመረ ይሄዳል።

ደግሞ ስለ በሩ ባትጠይቂኝም ስለ አራተኛው ግድግዳ እጠይቅሽ ነበር። በኮሪደሩ በኩል የቀረው የጭቃ ግድግዳ ለመታጠቢያ ቤት አይሆንም። በየቀኑ ውሃ ይረጭበታል። ላዩ በሲሚንቶ ቢለሰንም ሲሚንቶና ጭቃ አብረው አይቆዩም፤ ይሰነጠቅና ውሃው ከጀርባ ገብቶ ጭቃውን ያፈርሰዋል። ስለዚህ ያ ግድግዳ በማንኛውም መንገድ በብሎኬት መተካት አለበት። የሚተካ ከሆነ ደግሞ በሩን እዚያው ላይ አውጡት። በሳሎን በኩል ያለው ክፍት በብሎኬት ይደፈን፣ በሩ ወደ ኮሪደር ይዙር። ሁለቱም ችግር በአንድ ሥራ ያልቃል። ግንበኛው በሌላው በኩል እንዳደረገው ጣሪያውን መጀመሪያ ይደግፍ። አዲሱ ግድግዳም በድንጋይ መሠረት ላይ ይቁም እንጂ በቀጥታ አፈር ላይ እንዳይነሳ።

ከዚህ የምታተርፊው ብዙ ነው። ሽንት ቤቱ ከእንግዳ ዓይን ይሰወራል። እናትሽ ሌሊት በሳሎኑ ጥግ አልፋ ኮሪደር ትገባለች፤ ከመኝታዋ እስከ በሩ ጥቂት እርምጃ ነው። ሳሎኑ ደግሞ በሩ በነበረበት ቦታ ሙሉ ግድግዳ ያገኛል። ቡፌው ወይም አንዱ ሶፋ እዚያ ሊጠጋ ይችላል። ወንድምሽ ሳሎኑ ይስፋ ያለው መቀመጫ ቢያጥር ይሆናል። አንዳንድ ጊዜ ሳሎን የሚጠበው በካሬ ሳይሆን በበር ብዛት ነው። ግድግዳው ሁሉ በር ከሆነ ዕቃ የሚጠጋበት ይጠፋል።

ስለ መታጠቢያ ቤቱ ጥቂት ልጨምር፤ ዋናው ሥራ እሱ ነውና። በሩ ከ80 ሴንቲ ሜትር አይነስ። ዛሬ እናትሽ በእግሯ ትገባለች፤ ነገ ክንዷን ይዞ የሚያስገባት ሰው ያስፈልጋት ይሆናል። በሩ ወደ ውጭ ቢከፈት እመርጣለሁ፤ ሰው ውስጥ ቢወድቅ በሩን አይዘጋውም። ኮሪደሩ ጠባብ ከሆነ ግን ሲከፈት መተላለፊያ እንዳይዘጋ አስቀድማችሁ ለኩ። ደፍ አይኑረው፤ ጉልበት ለሚያመው ሰው ደፍ ጠላት ነው። ውሃው ወደ ኮሪደር እንዳይመጣ ወለሉ በአንድ ሜትር ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ማፍሰሻው ይዝቀጥ። ሴራሚኩ ከመነጠፉ በፊት አንድ ባልዲ ውሃ ድፉና ወዴት እንደሚሄድ በዓይናችሁ እዩ። የወለሉ ሴራሚክ የሚያብረቀርቅ ሳይሆን ሸካራ ይሁን። ግድግዳው ላይ ከመቀመጫው ጎን የሚያዝ ብረት ይተከል፤ ብሎኬቱ ሲሠራ ቦታው ቢታሰብለት ጥሩ ነው። ከፍ ብሎ ወደ ውጭ የሚከፈት ትንሽ መስኮትም አይቅር።

የመቀመጫውን አቅጣጫም አስቡበት። ቂብላ ከጅማ ሲታይ ወደ ሰሜን ነው፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። መቀመጫው ፊቱንም ጀርባውንም ወደ ቂብላ እንዳይሰጥ በምሥራቅና በምዕራብ ቢዞር እናትሽ ቅር ሳይላት ትጠቀምበታለች። ቧንቧ ሠራተኛው ቱቦውን ከቀበረ በኋላ ይህን ማስተካከል አስቸጋሪ ነው። እንዲህ ያለ ነገር እናትሽ በአንደበቷ ላታነሳው ትችላለች። ሳይመቻት ግን ዝም ብላ ወደ ድሮው ሽንት ቤት መመለስ ትጀምራለች፤ ያን ጊዜ የተለፋው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ውዱእ የምታደርግበትም ነገር እንዲሁ ነው። እግሯን ወደ ላይ አንስታ መታጠብ ይከብዳታል። ዝቅ ያለ ቧንቧና አጠገቡ አጭር መቀመጫ አድርጉላት።

ፍሳሹን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ግቢያችሁ ወይም የጎረቤት ግቢ ውስጥ የጉድጓድ ውሃ ካለ ሴፕቲክ ታንኩ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ከጉድጓዱም በታች ባለው ተዳፋት በኩል ይሁን። ግቢው ጠባብ ሆኖ ይህ ካልተቻለ ውሃውን ለመጠጥ አትጠቀሙበት።

ወደ ማዕድ ቤቱ ልሂድ። አንቺ ራስሽ ኦፕን ኪችን ትፈልጊያለሽ? በደብዳቤሽ ውስጥ የአንቺን ፍላጎት ፈለግኩ፣ አላገኘሁትም። በዚያ ማዕድ ቤት ውስጥ የምትውይው ግን አንቺ ነሽ። እስቲ የአንድ ቀን ሥራሽን አስቢው። ሽንኩርት ሲቁላላ፣ እንጀራ ሲጋገር፣ በረመዳን ሳምቡሳ ሲጠበስ፣ ያ ሁሉ ሽታና ጭስ ሶፋው ላይ ነው የሚያርፈው። እንግዳ ሲመጣ ያልታጠበው ዕቃ ሁሉ ፊት ለፊት ይታያል። ፎቶው ላይ ያለው ማዕድ ቤት የሚያምረው ምንም ስለማይበስልበት ነው። ይህን ሁሉ አውቀሽም «እወደዋለሁ፣ ልጆቼን እያየሁ መሥራት እፈልጋለሁ» ካልሽ ግን እሱም ትክክለኛ መልስ ነው። ያን ጊዜ ከእናትሽ ክፍል ሌላ ቦታ እንፈልግለታለን።

እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ነገሩን እገለብጠው ነበር። እናትሽ ወደ ሰርቪስ ከምትወጣ ማዕድ ቤቱ ወደ ሰርቪስ ይግባ። ከጓሮው በር እስከ ሰርቪሱ ያለው ሦስት ሜትር በቆርቆሮ ይሸፈን፣ መሬቱ ሊሾ ይሁን። ያን ጊዜ ዝናብ ሳይነካሽ ወጥ ይዘሽ ትገቢያለሽ። ጎን ለጎን ያለው ሁለተኛው ክፍል የዕቃ ቤቱን ቦታ ይተካል። ለቢምና ለኮለን ሊወጣ የነበረው ገንዘብም ይተርፋል። የመተላለፊያው ጣሪያ ከቤቱ ክዳን ጫፍ በታች ይጀምር፣ ውሃው በመሃል እንዳይገባ አሸንዳ ይደረግለት። በጅማ ዝናብ አሸንዳ መርሳት አይቻልም።

ሰርቪሱ ማዕድ ቤት ከሆነ አስቀድመሽ የምታስቢው የኤሌክትሪክ ምጣዱን ነው። ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። ከሌላ ሶኬት ጋር ተጋርቶ መሥራት የለበትም። ከብሬከር ሳጥኑ የራሱ ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር ይምጣለት። ስንት ቤት በዚህ ምክንያት ሽቦ እንደተቃጠለ አትጠይቂኝ። የመሥሪያ ጠረጴዛውን ከፍታ ደግሞ ሠራተኛው በልማድ እንዳይወስነው። ቀጥ ብለሽ ቁሚና ክንድሽን እጠፊ፤ ከክርንሽ አንድ ስንዝር ሳይሞላ ዝቅ ያለው ቦታ ነው ላንቺ የሚሆነው። ለብዙ ሴቶች ከ85 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። እኔ ቤቴን ሳሳድስ ይህን ሳልለካ ቀርቼ ለዓመታት ወገቤን ይዤ ሽንኩርት ከትፌያለሁ።

በረንዳውን በተመለከተ ሐሳቤን አልደብቅሽም፤ እንዳትዘጉት እለምናችኋለሁ። የሳሎኑ መስኮት የሚከፈተው ወደ በረንዳው ከሆነ፣ በረንዳው ሲዘጋ ሳሎኑ ይጨልማል። በክረምት ቀኑ በራሱ ደመና ነው፤ መብራት አብርታችሁ ልትውሉ ነው። ደግሞ በረንዳው የፊቱን የጭቃ ግድግዳ ከዝናብ ሲጠብቅ የኖረ ነው። የድሮ ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። ጅሬን ወጥተሽ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ካየሽ የእንጨት በረንዳውን ታስታውሺዋለሽ። እንዲያው ለጌጥ ብቻ የተሠራ አይመስለኝም፤ ይህ ዝናብ የሚበዛበት አገር ነው።

በረንዳ ደግሞ የእናት ቦታ ነው። እናትሽ ሱብሂ ሰግዳ የት ትቀመጣለች? ጎረቤት ሲያልፍ «እንዴት አደራችሁ» የምትለው ከየት ሆና ነው? ቡናው የሚፈላው የት ነው? መልሱ በረንዳው ላይ ከሆነ ሳሎኑ ላይ የሚጨመረው ጥቂት ካሬ ከእሷ ቀን ላይ የሚቀነስ ነው። ወንድምሽ ነፋሱና የዝናቡ ፍንጣቂ አሳስቦት ከሆነ አንዱን ጫፍ ብቻ በመስታወት መከለል ይቻላል። ጥሩ የጅማ በርጩማና ዝቅ ያለ መደገፊያ ቢጨመርበት የቤቱ ምርጥ ክፍል እሱ ይሆናል።

አሁን ከሁሉ የከበደውን ላንሳ። እናትሽን ማናገር አለብሽ። «እናንተን ከተመቻችሁ» ያለችውን እንደ ፈቃድ አትውሰጂው። በዚያ ዕድሜ ያለች እናት ልጇ ከስደት በላከው ገንዘብ ላይ «አልፈልግም» ማለት ይከብዳታል። ስለዚህ «ምን ትፈልጊያለሽ?» ብለሽ አትጠይቂያት፤ ያንኑ መልስ ትሰጥሻለች። ልጆቹ በሌሉበት ሰዓት ቡና አፍይና ትንንሽ ጥያቄ ጠይቂያት። «እማዬ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ ትነሻለሽ?» «ጠዋት ፀሐይ የምትሞቂው በየት በኩል ነው?» «አልጋሽ ከመስኮቱ ቢርቅ ይሻልሻል?» «አባዬ ይህን ክፍል ሲያሠራ ምን አስቦ ነበር?» የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ታናግራት ይሆናል። አትቸኩያት። በዚያ ክፍል ውስጥ ከአባትሽ ጋር የኖረችበት ዘመን አለ። እኛ ግድግዳ እንለዋለን፤ ለእሷ ሌላ ነው። እሷ ራሷ ጸጥታ ፈልጋ ሰርቪሱን ከመረጠችም ልትሰሚያት ይገባል። ግን ከአንደበቷ ይውጣ። ደግሞ ቤቱ ከሁላችሁ በፊት የእሷ ነው።

ከዚያ አንድ ዘዴ ሞክሩ፤ ምንም ወጪ የለውም። ኖራ ወይም ከሰል ያዙና ግቢው ውስጥ ሜዳው ላይ ቤቱን በሙሉ ልኩ አስምሩት። ሳሎኑን፣ ኮሪደሩን፣ አዲሱን የመታጠቢያ ቤት በር፣ አልጋውን፣ ሶፋውን ሁሉ። ከዚያ እናትሽ ከአልጋዋ እስከ መታጠቢያ ቤቱ ትራመድ። አንቺ ትሪ ይዘሽ ከማዕድ ቤት ወደ ሳሎን ሂጂ። ባለቤትሽ በሩን እንደሚከፍት ያድርግ፤ ማንን ይገጫል? ፎቶ ላይ የማይታየው ሁሉ እዚያ ይታያል። ልጅሽም ትጫወትበታለች። ባለቤትሽን ሜትሩን አስይዢው። «ምን አገባኝ» ያለው ሰው ሜትር ሲይዝ ያገባዋል። ቅር ያለው ቤቱ ውስጥ ቦታ እንዳለው የነገረው ሰው ስለሌለ ይመስለኛል። ሐሳቡን መጀመሪያ ለብቻው ጠይቂው።

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው ለወንድምሽ የምትደውይው። በጽሑፍ አታድርጊው፤ ጽሑፍ ይደርቃል። ማታ ከሥራ ሲወጣ ደውይለት። ለምሳሌ እንዲህ ልትይው ትችያለሽ። «ወንድሜ፣ አላህ ይጨምርልህ። እማዬ በሌሊት እንዳትወጣ ብለህ የላክኸው ገንዘብ ሥራ ላይ ነው። ግን አንድ ነገር አስጨነቀኝ። ሰርቪስ ከገባች ሌሊት አሁንም ውጭ ልትወጣ ነው። ሌላ መንገድ አግኝተናል፣ ግቢው ውስጥ አስምረነዋል፣ ቪዲዮ ልላክልህ?» ቪዲዮው ላይ እናትሽ ስትራመድ ይያት። ከዚያ በላይ ማስረዳት የሚያስፈልግሽ አይመስለኝም። ሊከፋው ይችላል። ሩቅ ያለ ሰው ቤቱን በፎቶ እያሰበ ነው የሚያድረው፤ ያ ፎቶ ሲቀየርበት የሆነ ነገር የተወሰደበት ይመስለዋል። ስለዚህ እሱ የሚወስነው ነገር ስጪው። የመታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ፣ የበረንዳው ቀለም፣ የሳሎኑ መብራት የእሱ ምርጫ ይሁን። ሲመጣ የሚያርፍበትንም ቦታ ንገሪው።

ከግንበኛው ጋር ጠብ አያስፈልግም። በሩ ወደ ሳሎን የተቀመጠው እሱ ስለበደለ ሳይሆን ወረቀት ላይ የወረደ ነገር ስላልነበረ ነው። በሩን ለማዛወር የሚጨምረውን ዋጋ ይንገራችሁ፣ ተስማሙ፣ ይጻፍ፣ ይፈረም። ከዚህ በኋላ የሚሠራው ሁሉ ልኩ የተጻፈበት ወረቀት ግድግዳው ላይ ይለጠፍ። ክፍያውም በሥራው ልክ ይሁን። ትእዛዝ የሚሰጠውም አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ባለቤትሽ ቢሆን እመርጣለሁ።

ጊዜው አጭር ነው። በጅማ ዝናቡ በመጋቢት ይጀምራል፣ እስከ መስከረምም አይለቅም። የዕቃ ቤቱ ጣሪያ አሁን የቆመው በድጋፍ ነው፤ በዚያ ሁኔታ ዝናብ እንዳያገኘው። ለሦስትና ለአራት ቀን ሥራውን ማቆም ይቻላል፤ ለንግግሩና ለማስመሩ ይበቃል። ከዚያ መታጠቢያ ቤቱ እስከ ክዳኑ ይለቅ። የቋሚዎቹ እግርና አሸንዳው ይከተሉ። ማዕድ ቤቱና መተላለፊያው ገንዘቡ ከተረፈ ዘንድሮ፣ ካልተረፈ ከርሞ ይሆናል። የድሮው ማዕድ ቤት አንድ ክረምት ይታገሣል፤ የእናትሽ ጉልበት ግን አይታገሥም።

አናጢው ኮርኒሱን ከፍቶ ካየ በኋላ እንደገና ጻፊልኝ። እንጨቶቹ በየትኛው ግድግዳ ላይ እንዳረፉ፣ የኮሪደሩ ስፋት ስንት እንደሆነ ለክተሽ ንገሪኝ። እናትሽ ስለዚያ ክፍል የነገረችሽንም፣ ከፈቀደችልሽ።